ፓምፑን ማን አቆመው

ያስና ኦያርሱን ለኮምፒውተሯ የምትሰጠውን ትእዛዝ ጽፋ ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ። የምትሠራበት የውሃ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ፓትሪሲዮ ነበር።

«ሪፖርቱ አላለቀም እንዴ? ሰዉ ከምሳ በኋላ ይሰበሰባል እኮ።»

«አንዴ ልየውና እልክልሃለሁ።»

«ደግሞ ምኑን ነው የምታይው? ሽማግሌው እንደሆነ ጥፋታቸውን አምነዋል። ዛሬ ሰው ፊት ቆመው ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ አለቀ።»

ስልኩን ዘግታ ትእዛዝ ወደምትጽፍበት የላፕቶፑ ጥቁር መስኮት ተመለሰች።

እሳቱ የተነሳው እሑድ ነበር። ከባሕር ዛፉ ጫካ ተነስቶ፣ ነፋስ እየገፋው ወደ ፑንታ ሊትሬ መንደር ላይኛው ሰፈር ደረሰ። ጎረቤት ተጯጩሆ የእሳት ማጥፊያውን ቧንቧ ሲከፍት ጠብታ ውሃ የለም። ፓምፑ ቆሞ፣ የኮረብታው ታንከር ደርቆ ነበር። የዶኛ ኤዴልሚራ ቤት እስከ መሠረቱ ተቃጠለ። ባሏ ሉቾ ከባሕር ወለል ዛጎል እየለቀመ የሚኖር ጠላቂ ነው፤ የመጥለቂያ ዕቃውን ላውጣ ብሎ ሲገባ ሁለት እጆቹ ተቃጥለው እስካሁን ሆስፒታል ተኝቷል። ተመልሶ ባሕር ይገባ እንደሆነ ሐኪሞቹም አያውቁም።

ያን ጊዜ ፓምፕ ቤት ውስጥ የነበሩት ተረኛው ሽማግሌ ዶን ኤራስሞ ብቻ ነበሩ። ከምሳቸው ጋር ወይን መጠጣታቸውን አልካዱም፤ ሸለብ እንዳደረጋቸውም እንዲሁ። ሲነቁ ፓምፑ ቆሟል። የፓምፑን ኤሌክትሪክ አጥፍተው ሲያበሩት ወዲያው ተነሳ፤ ግን ውሃው ኮረብታው ላይ እስኪደርስ ቤቱ አልቆ ነበር።

ፓምፑን በሁለት መንገድ ማቆም ይቻላል። ወይ በኔትወርኩ «ቁም» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ ወይ አንድ ሰው ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ በእጁ ይጫናል። ቁልፉ ዱካ አይተውም። በኔትወርኩ የሚያልፈውን ሁሉ ግን ፓምፕ ቤት የተቀመጠች ትንሽ ሳጥን እየቀዳች ታስቀምጣለች። የማኅበሩን ኔትወርክ የምትቆጣጠረው ያስና ያንን ቅጂ አውርዳ በትእዛዝ እየበጠረች፣ ማን ለማን መቼ ምን እንደላከ መስመር በመስመር ስታነብ ሰነበተች። «ቁም» የሚል አንድም አላገኘችም። እንግዲህ የቀረው የሰው እጅ ነው፤ እዚያ የነበረው እጅ ደግሞ የዶን ኤራስሞ ብቻ ነው። ሥራ ስትጀምር እያንዳንዱን የቧንቧ መዝጊያ በስሙ ያስተዋወቋት እሳቸው ስለነበሩ ነገሩ ከልብ ከፍቷታል።

ትእዛዙን ጨረሰችና አስገባችው። ስልኩ ስላቋረጣት ግን ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ የምትጽፈውን ረሳች፤ «የእኔን ማሽን ሳይጨምር» የሚለውን። በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ከቤቱ ሆኖ ከሩቅ ማሽን ጋር የሚሠራ ሰው የራሱ ምልልስ ስክሪኑን እየሞላ ሌላውን ይሸፍንበታል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ራሱን ያወጣል። ያስና ይህን ከለመደች ወዲህ ሳታስበው ነው የምትጽፈው።

መስመሮቹ ጎረፉ። ልታቆማቸው ስትል ዓይኗ አንዱ ላይ ቀረ። አንድ ማሽን፣ ፓምፑን የሚያዘው መቆጣጠሪያ መልእክት የሚቀበልባቸውን በሮች ያንኳኳል፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ፋታ ሳይሰጥ በመቶ የሚቆጠሩትን። መቆጣጠሪያው ለጥቂቶቹ መለሰ። ከዚያ ዝም አለ። የሚያንኳኳውን ማሽን አድራሻ አየችና ክው አለች። የራሷ ነበር።

ያን እሑድ ፓትሪሲዮ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ለሰኞ ፈልጎ ነበር። እሷም ቤቷ ሆና፣ ኔትወርኩ ላይ ያለውን ሁሉ እያንኳኳ የሚመዘግበውን ፕሮግራም አስነሳችና ሳህን ልታጥብ ሄደች። መቆጣጠሪያው ያረጀ ነው፤ ያን ሁሉ ማንኳኳት አልቻለውምና ደነዘዘ፤ ፓምፑም አብሮት ቆመ። ሳህን እያጠበች ጭሱን በመስኮት አይታው ነበር።

ለፓትሪሲዮ ደወለች።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምን?»

«ፓምፑን ያቆምኩት።» ሁሉንም ነገረችው።

ፓትሪሲዮ ወዲያው መውጫ መፈለግ ጀመረ። ከልጅነታቸው አብረው ስለተማሩ ጠባዩን ታውቀዋለች።

«ስሚኝ፣ ሆን ብለሽ አላደረግሽውም። ዝርዝሩን አምጪ ያልኩሽም እኔ ነኝ። እሳቸው በመጋቢት ጡረታ ይወጣሉ፣ ሰዉም ይረሳዋል። አንቺን ካባረሩሽ ይሄን ውሃ ማን ያየዋል? ያቺን የራስሽን ማሽን የምታስወጣውን ቃል እንደ ወትሮሽ ጨምሪና ሪፖርቱን ላኪው። ሁልጊዜ የምታደርጊው ነው፣ ውሸት አይደለም።»

ለአፍታ እፎይ አለች። እፎይ በማለቷም አፈረች።

«አልችልም ፓቶ» አለችው በልጅነት ስሙ ጠርታ። ላፕቶፑን ይዛ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣች።

ዶን ኤራስሞ ከተቃጠለው ቤት አመድ በአካፋ እየዛቁ ነበር። እሳቱ ከጠፋ ጀምሮ በየቀኑ ይመጣሉ። ዶኛ ኤዴልሚራ፣ ጎረቤቶቿ ከጓሮዋ በጣውላ በሠሩላት አንዲት ክፍል ውስጥ ትኖራለች፤ ሲመጡም ሲሄዱም አታነጋግራቸውም።

«ዶን ኤራስሞ፣ ቁልፉን አልተጫኑትም።»

«ተይኝ ልጄ። ልታጽናኚኝ ከሆነ ይቅርብኝ።»

«ማጽናናት አይደለም። ያቆመው የእኔ ማሽን ነው። ከቤቴ ሆኜ ያስነሳሁት ሥራ ነው መቆጣጠሪያውን ያደነዘዘው። ዛሬ ገና አየሁት።»

አካፋውን ተደግፈው ቆሙ። «ባልተኛ ኖሮ ግን ቶሎ አስነሳው ነበር።»

«እሱ ልክ ነው። ያቆምኩት ግን እኔ ነኝ።»

«በሕልሜ ስጫነው አይ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «የቁልፉ ቅዝቃዜ ጣቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። ለሚስቴ ለኖርማም፣ አዎ እኔ ነኝ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ምሳዬን አስቀምጣልኝ ትሄዳለች፤ አብራኝ አትበላም።» ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «አንቺ! ይሄን ሁሉ ቀን አጣራሁ፣ ምንም የለም ስትዪኝ የት ነበርሽ?»

«ራሴን አውጥቼ ነበር የምፈልገው።»

«ጎበዝ!» አሉ በምሬት። «ጎበዝ ልጅ ነሽ! እንዲህ ከሆነማ ማንም ንጹሕ ነው።»

ያስናን ማልቀስ አማራት፤ ግን እሳቸው ሳያለቅሱ እሷ ማልቀሷ ነውር መሰላት።

የጣውላው በር ተከፈተና ዶኛ ኤዴልሚራ አንድ ሲኒ ሻይ ይዛ ወጣች። ዶን ኤራስሞን እንዳላየች አልፋ ያስና ፊት ቆመች።

«መጣሽ ልጄ? ሌት ተቀን እየለፋሽልን እንደሆነ ፓትሪሲዮ ነግሮኛል። እንኪ ጠጪ፣ ፊትሽ ሁሉ ገርጥቷል።»

ያስና ሲኒውን ተቀበለች። ከዚያ ዞር ብላ ለዶን ኤራስሞ ዘረጋችላቸው።

«ይሄ የእሳቸው ነው ዶኛ ኤዴልሚራ። ለምን እንደሆነ ልንገርዎት፤ ከዚያ ለእኔ የሚሰጡኝ ከሆነ እርስዎ ያውቃሉ።»

ዶን ኤራስሞ እጃቸውን አልዘረጉም። ያስና ሲኒውን እንደዘረጋች መናገር ጀመረች።