የሃልቭዳን ታኮ

«እኔ በቁሜ እያለሁ አይሆንም» አለኝ ባሌ ሃልቭዳን።

«እንግዲያው ተቀመጥ» አልኩት።

የጠየቅሁት ነገር ትልቅ አልነበረም። ከትንሿ የኤሌክትሪክ መኪናችን ኋላ ጋንቾ ይገጠምላት፣ ቀላል ተሳቢ ትጎትት፣ እኔም አይቤን ከተራራው ራሴ ላውርድ ነው ያልኩት። እዚህ ኖርዌይ ሌላው ሰው ጋንቾ የሚያስገጥመው ጀልባውን ወደ ባሕሩ ለማድረስ ወይም የጓሮውን ጉድፍ ለመጣል ነው፤ ባሏን የምታስፈቅድ ሴት አላውቅም። እኛ ቤት ግን ተሳቢ፣ ቁልቁለትና አይብ ባንድ ላይ ከተነሱ ሃልቭዳን ከገበታ ይነሳል።

ምክንያቱን ሸለቆው በሙሉ ያውቀዋል። በጋ ሲመጣ ፍየሎቼን ይዤ ተራራው ላይ ወዳለው ሴተራችን እወጣለሁ። ሴተር የምንለው የበጋ ግጦሻችንን፣ እዚያ ያለችውን የእንጨት ቤትና የአይብ ጓዳዋን ነው። ድሮ አብረን ነበር የምንወጣው። እኔ አልባለሁ፣ እሱ ወተቱን በትልቁ ድስት ያፈላል፣ የደረሰውን አይብ ደግሞ በናፍጣ መኪናችን ያወርዳል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሙሉ ጭነት ይዞ ሲወርድ ፍሬኑ ጋለ፤ ጋለና ከዳው። ፈረስ ኩርባ የምንለው ቦታ ላይ መኪናው ከመንገድ ወጣ። ጠንካራው ክብ አይብ ተንከባሎ ወንዝ ገባ፤ የሰፈሩ ልጆች እስከ መኸር ድረስ ከድንጋይ ሥር እየለቀሙ በሉት። የሃልቭዳን ግራ እግር ግን ክፉኛ ተሰበረ። ከአልጋ ሲነሳ ከዚያች ኩርባ በላይ ሁለተኛ ላይወጣ ማለ።

ከዚያ ወዲህ በጋውን እኔ ላይ፣ እሱ ታች ሆነን በስልክ ነው የምንኖረው። ሰዉ ይቀልድብናል፤ አስላውግ ባሏን ለክረምት ብቻ ነው ያገባችው ይላሉ። እኔ አያስቀኝም። ባሌ ይናፍቀኛል። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ማለት የሚያሳፍር ከሆነም ያሳፍር።

አይቡን ሲያወርድልኝ የኖረው ኢንግቫር ነው። ከሴተራችን አጠገብ አዲስ የእረፍት ቤት ሠርቷል፣ የሚነዳውም ትልቅ ጂፕ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ውለታው ሁሉ ግን ጭራ አለው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቤታችን መጥቶ ከእንግዲህ አይብ እንደማያወርድ ነገረኝ። ሴተሩን ለምን አትሸጪልኝም፣ ለእንግዳ አከራየዋለሁ፣ አንቺም ጉልበትሽን ታሳርፊያለሽ አለ። ነገሩ ግልጽ ነበር። አይቤን ማውረድ ካልቻልኩ ሴተሩ ይዘጋል። ሴተሩ ከተዘጋ ደግሞ ሃልቭዳን አንድ ቀን ተመልሶ እዚያ አብሮኝ ይቀመጣል ብዬ በልቤ የያዝኩት ነገር አብሮ ይዘጋል። ኢንግቫርን እስከ በር ሸኘሁትና በዚያው ጋንቾውን አዘዝኩ።

ከነብሎኑ በካርቶን መጣ። መኪናችን እንድትጎትት የተፈቀደላት ቀላል ጭነት ብቻ ስለሆነ አይቡን ከፋፍዬ ላወርድ ወሰንኩ። ጋራዡ ውስጥ መኪናዋን በክሪክ አነሳኋት፣ የኋላ ፓራውልቷን ፈታሁ፣ ከሥሯ ተንጋልዬ ገባሁ። ሃልቭዳን ወጥ ቤት ሆኖ ሬዲዮ ያዳምጣል። አንድ ብሎን ከእጄ አመለጠኝ፤ የሬዲዮው ድምፅ ቀነሰ። ሌላ አመለጠኝ፤ ሬዲዮው ጠፋ። ባሌ ብዙ ነገር ይችላል፣ ቤቱ ውስጥ የላላ ብሎን እንዳለ እያወቀ መቀመጥ ግን አይችልም። እያነከሰ መጣና ቁልፉን ከእጄ ወሰደ።

«ውጪ ከዚያ» አለኝ።

«እሺ አልክ ማለት ነው?»

«አላልኩም። ብሎን ነው የማጠብቀው።»

እንዲህ እያለ ወፍራሙን ብረት ከሻንሲው ጋር አሰረው፣ ፓራውልቱን ጋንቾው እንዲወጣበት ከሥሩ ቆረጠው፣ የተሳቢውን የመብራት ሽቦ እስከ ኋላ ዘረጋ። መኪናዋ ተሳቢ እንዳላት ካልተነገራት አታምንም፤ እሷንም እያጉረመረመ በኮምፒውተር አሳመናት። ከዚያ እንደገና እያንዳንዱን ብሎን አጠበቀ። በመጨረሻ በደህናው እግሩ ጋንቾው ላይ ወጥቶ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው።

«ጋንቾው አይነቀልም» አለ። «እኔን የሚያስፈራኝ ጋንቾው አይደለም።»

የሚያስፈራውን አውቃለሁ፤ መልሱንም ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ይቺ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን አትፈልግም። እግሬን ከመርገጫው ሳነሳ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዘዋል፤ ሲይዘውም ኤሌክትሪክ እያመነጨ ወደ ባትሪው ይመልሳል። ፍሬኑ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ሥራ የፈታ ፍሬን ደግሞ አይግልም። በጸደይ ተሳቢውን አስሬ በዚያ መንገድ ደጋግሜ ወርጄ አይቼዋለሁ። ሃልቭዳን ሁሉንም በጥሞና ያዳምጥና «ተሳቢው ባዶ ነበር» ይላል።

በበጋው አጋማሽ የመጀመሪያው አይብ ደረሰ። የከተማው የማቀዝቀዣ መኪና ከሰዓት በኋላ ታች ድልድዩ ጋ ይቆማል። ለስላሳው ነጭ አይብ ሙቀት ስለማይወድ ያን ቀን ካልደረሰ ለአሳማ ነው የሚሆነው። ዋዜማውን ጭኜ፣ አስሬ፣ መኪናዋን መንገዱ የሚያልቅበት ኢንግቫር ግቢ አቁሜ ሄጄ ተኛሁ። ጠዋት ሳስነሳት ባትሪው መቶ ከመቶ ይላል። ሳቆማት እንዲህ አልነበረም።

ኢንግቫር ኋላ እንደነገረኝ፣ የሃልቭዳን ሥራ ነው። ለኢንግቫር ደውሎ፣ መንገድ ላይ እንዳያልቅባት እባክህ ሶኬት ላይ ሰካላት ብሎ ለምኖታል፤ ኢንግቫርም ሰክቷታል። በመላው ኖርዌይ የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው የሚፈራው ባትሪው እንዳያልቅበት ነው፤ ሞልቶ ጣጣ ያመጣል ብሎ የሚያስብ የለም። የሞላ እንስራ ግን ውሃ አይቀበልም። ባትሪው ከሞላ ሞተሩ ያመነጨውን የሚያስቀምጥበት ያጣል፣ ስለዚህ ጎማውን መያዙን ይተዋል። ከግቢው ወጥቼ መጀመሪያ ያለችው ትንሽ ቁልቁለት ላይ እግሬን አነሳሁ። መኪናዋ አልያዘችም፤ ዝም ብላ ተንከባለለች፣ ተሳቢው ከኋላ ገፋኝ። ፍሬን ረግጬ ቆምኩ። እንዲህ ሆኜ በፍሬን ብቻ እስከ ድልድዩ ብወርድ ሃልቭዳን እንደወረደው መውረዴ ነው።

እንደምንም ወደ ግቢው መለስኳት። ኢንግቫር በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። ነገሩን ስነግረው ከልቡ አዘነ፤ የተጽናናው ግን ቶሎ ነው።

«በቃ ወደ ጂፑ እናዛውረው» አለኝ። «ለመጨረሻ ጊዜ ላውርድልሽ። ከዚያ ስለ ሽያጩ ረጋ ብለን እናወራለን።»

«አንተ ሰውዬ፣ ቤትህ የዋፍል ብረት አለ?»

«የምን ዋፍል? ምን ነካሽ?»

«ባትሪውን ላጎድለው ነው» አልኩት።

መኪናችን የቤት ዕቃ የሚሰካበት ሶኬት አላት፤ ዋፍል የምንለውን ጣፋጭ ቂጣ የሚጋግረው ብረት ደግሞ ኤሌክትሪክ ይጨርሳል። ከታችኛው ሴተር ማግንሂልድን ጠራኋት። ከልጅነቷ ጀምሮ በጋዋን እዚያ ተራራ ላይ የከረመች፣ ምን ቢነግሯት የማትገረም ሴት ናት። የዋፍል ብረቷን በአንድ እጇ፣ የሊጡን ባልዲ በሌላ እጇ አንጠልጥላ መጣች። የጠየቀችኝ ለስንት ሰው እንደሆነ ብቻ ነው። እስኪጎድል ድረስ አልኳት። የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፣ አራቱንም በር ገለጥኩ፤ ያን ሁሉ ፀሐይ ሳይበቃን ተራራውን ማሞቅ ጀመርን። ማግንሂልድ ትጋግራለች፣ እኔ ትኩሱ ላይ ቡናማ አይብ እየላጥኩ አነባብራለሁ። በመንገዱ የሚያልፍ ተራራ ወጪ ሁሉ እየተጠራ በላ። ኢንግቫር ዳር ቆሞ ጥቂት ካየ በኋላ ገብቶ የራሱን ብረት አመጣ።

«መኪና ስትጋግር ዛሬ አየሁ» አለ በሞላ አፉ። «እንቁላልም ትጥላለች?»

«አንተ ዝም ብለህ ብላ» አለችው ማግንሂልድ። «በበላህ ቁጥር ነው ባትሪው የሚጎድለው።»

ቁጥሩ እያዘገመ ወረደ። እኔ ሰዓቴንና ባትሪውን እያፈራረቅሁ አያለሁ። እንደምዘገይ ልነግረው ለሃልቭዳን ደወልኩ፤ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ አያነሳም። አኩርፎ ነው ብዬ ተናደድኩበት። ባትሪውን ሞልቶ ጉድ ያደረገኝ እሱ፣ የሚያኮርፈውም እሱ። ቁጥሩ ዘጠና ላይ ሲደርስ የመኪናዋን በሮች ዘግቼ ያችን ትንሽ ቁልቁለት እንደገና ሞከርኩ። እግሬን ሳነሳ ቀንዷን እንደተያዘች ፍየል ቀስ አለች።

ኢንግቫር የተሳቢውን ገመድ በእጁ እየሳበ አየልኝ። ስለ ሽያጭ አላነሳም። ለሚቀጥለው ጭነት ብረቱን ይዤ ልምጣ ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ፤ ና አልኩት።

ወረድኩ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ተሳቢው ከኋላ ይገፋል፣ ሞተሩ ይይዛል፤ እኔ መሪውን ጨብጬ የምሰማው የሞተሩን ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው። ፍሬን አልነካሁም። ዘጠና የነበረው ቁጥር ዘጠና አንድ ሆነ፣ ቆይቶም ዘጠና ሁለት። ሁሉም ሰው የፈራልኝ ያ ክብደት ባትሪዬን ይሞላልኝ ነበር። ትከሻዬ መፍታታት ጀመረ። ቢዘገይም እደርሳለሁ አልኩ።

ፈረስ ኩርባ አጠገብ ስደርስ መንገዱ ዳር የቆመ ሰው አየሁ። ሃልቭዳን ነበር። እስከ ድልድዩ በአውቶቡስ መጥቶ፣ ከዚያ ያን ሁሉ ዳገት በዚያ እግሩ ወጥቶታል፤ እዚያ ኩርባ ላይ ስልክ አይሠራም። በሁለት እጁ ከበርች ግንድ የጠረበውን ትልቅ ታኮ አቅፏል፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች ጎማ ሥር የሚሸጉጡትን ዓይነት። ፊቱ አመድ መስሏል። አጠገቡ ቀስ ብዬ ቆምኩና ወረድኩ።

«ዘገየሽ» አለኝ።

«በዚህ ታኮ ምን ልታደርግ ነበር?»

«ፍሬን አጥተሽ ከመጣሽ ጎማው ሥር ልወረውረው።»

«ያቆመኝ ነበር?»

«አያቆምሽም» አለ። «እንደማያቆምሽ አውቃለሁ። ቤት መቀመጥ አቅቶኝ ነው።»

ታኮውን መሬት አስቀመጠና ያን እግሩን እየጎተተ ከፊተኛው ጎማ አጠገብ ተንበረከከ። እጁን የጋለ ድስት እንደሚነካ ሰው አስጠጋ፣ መለሰ፣ እንደገና አስጠጋ። በመጨረሻ መዳፉን ቸርኬው ላይ አሳረፈ።

«ቀዝቃዛ ነው» አለ።

ተነስቶ ሌላውን ጎማ ነካ። የኋለኞቹንም ዞሮ ነካ። ፍሬን እንደሌለው እያወቀ የተሳቢውን ጎማ ሳይቀር ነካ። በየጎማው ላይ ቀዝቃዛ ነው ይላል፣ እኔ እንዳልሰማሁት። ከዚያ መንገዱ ዳር ሳሩ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። በዚያች ኩርባ ከመኪና ወድቆ ሲተኛ አላለቀሰም፤ ሆስፒታልም አላለቀሰም።

«ዋፍል ዋፍል ትሸቻለሽ» አለኝ ጥቂት ቆይቶ።

ለሱ በወረቀት የጠቀለልኩትን አውጥቼ እየሰጠሁት ሁሉንም ነገርኩት። ባትሪውን ያስሞላው እሱ፣ በዚያው ምክንያት ጠዋቱን ሙሉ እዚህ ቆሞ የተጨነቀውም እሱ መሆኑ ሲገባው ዋፍሉ አፉ ውስጥ እያለ መሳቅ ጀመረ። ሳቁና እንባው ተደባለቀ። እኔም የጠዋቱ ንዴቴ ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

«የቀረው አይብ መቼ ነው የሚወርደው?» አለኝ ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ።

«ሐሙስ።»

«ተሳቢው ባዶውን ነው የሚወጣው?»

«ባዶውን ነው።»

ቀና ብሎ ከኩርባው በላይ ያለውን መንገድ አየው።

«እንግዲያው እኔንም ጫኚኝ» አለኝ።

የማቀዝቀዣውን መኪና ሊነሳ ሲል ደረስንበት። ሐሙስ ዕለት ፈረስ ኩርባን ስናልፍ ሃልቭዳን ዓይኑን ጨፍኖ ጉልበቴን ጨበጠ፤ ዓይኑን የገለጠው ፍየሎቹን ሲሰማ ነው። ታኮውን እግሩ ሥር አድርጎ አምጥቶት ነበር። አሁን ሴተራችን ላይ ነው፤ ንፋስ በሩን እንዳይዘጋብን ከሥሩ ሸጉጦታል።