በዓይኔ በብረቱ

እና አሁን ማቋረጥ አለብኝ፣ አሁን፣ የዛሬው የክፍል ውይይት ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ፣ ስልኬ ላይ የሞላሁት አሥራ አምስት ደቂቃ ዘጠኝ ቀርቶታል፣ ካለፈው ስድስት ደቂቃ አምስቱን የወሰዱት ጋሽ ኪዳኔ ናቸው፣ አሁንም አላበቁም፣ አፌን ከፈት አደርጋለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ካርድ መበወዝ ያስተማሩኝ፣ ካዚኖ ያስቀጠሩኝ፣ ሰንበት ቅዳሴ ላይ ከፊት የሚቆሙት ሰውዬ፣ ጡረታ ወጥተው ለነፍሴ ብለው የሚማሩ። እንዴት ብዬ ነው የማቋርጣቸው? ልጆቹ ኪዳኔ፣ ዌይት ይሏቸዋል፣ እሳቸውም ይስቃሉ። በክፍሉ ደንብ ሁሉም በስሙ ብቻ ነው የሚጠራው፣ እኔ ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን በስማቸው አልጠራኋቸውም፣ ተራው የሳቸው ሲሆን በእስክሪብቶዬ ወደሳቸው እጠቁማለሁ። አስካል ሙች፣ በእስክሪብቶ!

አስተማሪያችን ዶክተሯ ጥግ ይዛ የመመዘኛ ቅጿን ጭኗ ላይ አድርጋለች። አታስተምርም። ኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ፣ ሰው እንዴት እንደሚያስብና እንደሚያስታውስ ልማር ብለሽ ትገቢያለሽ፣ አስተማሪዋ አፏን ለጉማ ትቀመጣለች፣ አንድ ገጽ ችግር ይሰጡሻል፣ ስድስት ሆናችሁ ትፋጩበታላችሁ፣ መጀመሪያ የምታውቁትን መዘርገፍ፣ ቀጥሎ የማታውቁትን ጥያቄ አድርጎ ሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ ቤት ሄዶ አንብቦ በሳምንቱ መመለስ። ሰብሳቢነት በተራ ነው። ሰብሳቢ ሐሳቡን አይሰጥም፣ ይጠይቃል፣ ሰዓት ይጠብቃል። ባለፈው ተራዬ ቅጹ ላይ ምን ብላ ጻፈችልኝ፣ አንድ ሰው ውይይቱን ሲቆጣጠረው ዝም ብለሽ አየሽ። ዛሬም ከደገምኩት ወደቅሁ፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ ከሺፍት ወጥቼ በሦስት ሰዓት እንቅልፍ እየተማርኩ። ዝም ብለሽ አየሽ። እውነቷን ነው። እማዬ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም እያለች ነው ያሳደገችኝ።

የዛሬው ወረቀት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የሆቴል ክፍል የምታጸዳ ሴት አንድ ሰውዬ ከክፍል ሲወጣ አየሁት ብላ ትምላለች፣ ካሜራው ግን ሰውዬው ያን ሰዓት ሌላ ፎቅ ላይ እንደነበር ያሳያል፣ ሴትዮዋ አትዋሽም፣ ምን ሆና ነው? ይህን ሲያነቡ ነው ጋሽ ኪዳኔ የተነሳባቸው። እሷ ዓይኗ አልሠለጠነም፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ፍሎር ሱፐርቫይዘር ነበርኩ፣ ካርድ የሚያጫውቱትን ስጠብቅ የኖርኩ፣ የሠለጠነ ዓይን አይሳሳትም። ሳሮን ሰሌዳው ጋ ቆማ የሠለጠነ ዓይን ብላ ጻፈች፣ የኛው አገር ሰው ልጅ ናት፣ እዚሁ ከጎናችን ሄንደርሰን ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ የሚባለውን ሁሉ የመጻፍ ተራዋ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ ይላሉ አሁን። አንድ ብላክጃክ የሚያጫውት ልጅ ነበር፣ የአገሬ ልጅ፣ እንደ ልጄ የማየው፣ ካርዱ ከተገለጠ በኋላ ለሚጫወተው ጓደኛው የመወራረጃ ቺፕ ሲጨምርለት አየሁ፣ ካሜራውን የተጫዋቹ ጀርባ ጋርዶታል፣ ምንም አያሳይም፣ እኔ ግን አየሁ፣ በእንግሊዝኛ እያወሩ እዚህ ላይ ወደኔ ዞር ብለው በአማርኛ፣ በዓይኔ በብረቱ፣ ከዚያ መልሰው በእንግሊዝኛ፣ አስካል ታውቀዋለች፣ ጠይቋት።

አራቱም አንገት ወደኔ ዞረ። የዶክተሯም እስክሪብቶ ቆመ።

አውቀዋለሁ። ፍቅረማርያም ነው። ወንድሜ ነው ጋሽዬ፣ ምን ነካዎት፣ በእናቴ ልጅ ነው ምሳሌ የሚሰጡት? ግን ለምን አይሰጡ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለሱ አንድ ቃል ተናግሬያቸው አላውቅም፣ በየሰንበቱ ደኅና ሰነበቱ ብዬ ጎንበስ፣ ምን ይወቁ፣ ከኔ ጋር ናት ብለው ነው። ከሳቸው ጋር ነበርኩ እኮ። ሰማይ አይታረስ ጋሽ ኪዳኔ አይከሰስ። ፍቄ በሳቸው ቃል ከካዚኖው የተባረረ ዕለት ኩሽናዬ ገባ፣ ጃኬቱን አላወለቀም፣ አላደረግሁም አስኩ፣ በእማዬ ሞት አላደረግሁም አለ፣ እኔ ዕቃ እያጠብኩ ነበር፣ ዝም አልኩ፣ ጋሽ ኪዳኔ አይዋሹማ። አንቺም? አለኝ። አንቺም! በሩን እንኳ አልወረወረውም፣ ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ። ቦልደር ሲቲ ገባ፣ ቁማር የሚባል የሌለበት ከተማ መርጦ፣ እዚያ የሰው ጀልባ ይጠግናል አሉኝ፣ አሉኝ ነው፣ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ያለ ወንድሜን ከሰው ነው የምሰማው። ኃጢአቴ ዝምታዬ ነው። እሱን ተናዝዣለሁ።

አምስት ደቂቃ። ሰብሳቢ ሐሳብ አይሰጥም። ቀጥሉ ልበል፣ አመሰግናለሁ ሌላ ሐሳብ ያለው ልበል።

ዛሬም ድረስ ዓይኔ ላይ አለ ይላሉ፣ ማንም አልጠየቃቸው፣ ይቀጥላሉ፣ ግራ እጁን እንዲህ አድርጎ፣ ጠረጴዛው ላይ ያሳያሉ፣ ቺፑን ሲገፋ የጋብቻ ቀለበቱ መብራቱ ላይ ብልጭ አለ፣ እስከዛሬ ያ ብልጭታ ይታየኛል።

ቀለበት?

የምን ቀለበት? ያኔ መቼ አገባ? የሠርጉ ጥሪ የመጣልኝ ከተባረረ በዓመቱ ነው፣ ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ቀኑ ተጽፎበታል፣ ሺፍት አለብኝ ብዬ ቀረሁ፣ ውሸቴን ነበር። ከተባረረ በኋላ ነው ያገባው። ያን ቀን ጣቱ ባዶ ነበር። ታዲያ ጋሽ ኪዳኔ ቀለበቱን የት አዩት፣ አልተገናኙ፣ ቤተ ክርስቲያን አይመጣ፣ ካንድ ቀን በቀር፣ ወይኔ፣ የእማዬ ቀብር። ግራ እጁ አፈር ዘግኖ። እግዚአብሔር ያጽናህ ብለው ተጠጉት፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ ፍቄ የተዘረጋውን እጃቸውን አየት አደረገና የሱን ነሳቸው፣ ፀሐይዋ ያን ቀን ዓይን ታወጣ ነበር። ከዚያ ነው የመጣው። ከቀብሩ ነው፣ ሁለት ዓመት ወደኋላ ሄዶ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጉብ አለ።

ይህ ወንድሜ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፣ ተረጋጊ አስካል። ግን ምን ቀረ? ቀለበቱን ካወጣሁት ያ እጅ የማን እጅ ነው፣ ቺፑስ? እኔ ወንድሜን የሸጥኩት በዚህ ብልጭታ ነው? ተናገሪ። ሽማግሌ ሰው ልጆች ፊት ልታዋርጂ ነው? ጠይቂ እንጂ፣ ሰብሳቢ ይጠይቃል፣ ደንቡ ነው።

ጋሽ ኪዳኔ፣ እላለሁ።

በአማርኛ። ስማቸው ከነጋሹ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ። ጋሽ ኪዳኔ፣ ይቅርታ ነገርዎን ላቋርጥ፣ ቀለበቱን ያን ዕለት ነው ያዩት? አዎን፣ ምን ማለትሽ ነው? ፍቅረማርያም እኮ ያገባው በዓመቱ ነው፣ ጋሽዬ። የሠርጉ ጥሪ እኔ ጋ አለ፣ ቀኑ ተጽፎበታል።

ይስቃሉ መጀመሪያ። አይደለም፣ ይላሉ። ከዚያ ግራ እጃቸውን ያያሉ፣ የራሳቸውን፣ ገልብጠው መዳፉን፣ ጣታቸውን አንድ በአንድ። ከሳሮን በቀር ልጆቹ ቋንቋው አልገባቸውም፣ ፊቱ ግን ገብቷቸዋል። እጁን የነሳኝ ቀን፣ ይላሉ ቀስ ብለው፣ ያን ቀን ነው ያየሁት። አስካል፣ እኔ እኮ አልዋሸሁም። አውቃለሁ ጋሽዬ። ወላዲተ አምላክን፣ አልዋሸሁም። አውቃለሁ፣ ችግሩ እሱ ነው።

ሳሮን በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ፣ ጋሼ፣ እኔ ምን ጻፍ? አለች። ጋሽ ኪዳኔ ማርከሩን ከእጇ ተቀበሉ። የሠለጠነ ዓይን የሚለውን በመዳፋቸው አጠፉት፣ መዳፋቸው ጠቆረ፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ፣ ፊደሉ እየተጣመመ፣ አየሁ የምለውን ማየቴን በምን አውቃለሁ? ጥያቄ ቁጥር ሦስት። ስለ ጥያቄው ሁሉም ነው ቤት ሄዶ የሚያነበው፣ እሳቸው ግን ጎኑ ላይ ስማቸውን ጻፉበት። ስልኬ ጮኸ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ አለቀ፣ ዶክተሯ ቅጿ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች፣ ምን እንደጻፈች ግድም አልሰጠኝ።

ወጡ ሁሉም። ጋሽ ኪዳኔ በሩ ጋ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመዋል። ስልኩ አለሽ? ልደውልለት፣ በሕይወት እያለሁ። አለኝ ጋሽዬ፣ እሰጥዎታለሁ፣ ግን መጀመሪያ እኔ። ደግ፣ አንቺማ ምን አለብሽ፣ አንቺ ዝም ነው ያልሽው።

ዝም ነው ያልኩት። እንደዚያ ነው የማስታውሰው፣ ዕቃ እያጠብኩ፣ ውኃው እየፈሰሰ፣ ዝም፣ በዓይኔ በብረቱ። ቆይ። ታዲያ አንቺም ያለኝ ምን ብዬው ነው? ዝም ያለ ሰው አንቺም ይባላል? ሰው አንቺም የሚለው አንድ ነገር ሲሉት አይደለም እንዴ፣ እሳቸው ያሉትን ሲደግሙለት? ምን ብዬው ነው? ውኃው ይሰማኛል፣ ጃኬቱ ይታየኛል፣ የኔ አፍ አይታየኝም። አፌ ያለበት ቦታ ባዶ ነው። ያንን ቃል የሚያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው።

ይጠራል። ይጠራል። ሃሎ፣ አለ፣ ድምፁ ወፍሯል። ፍቄ፣ እኔ ነኝ፣ አስኩ ነኝ፣ አትዝጋው፣ ያን ቀን ምን ነበር ያልኩህ?