ነጩ ፍሬ

ቤት ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ከጠፋ ቆየ። «ዓለም ገበያ» ነው የሚሉኝ፤ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬን ከፍቼ የፔት ዋጋ ስለማይ። ፔት የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበት ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። ባሕር ማዶ አንድ ትልቅ ፋብሪካ ለጥገና ሲዘጋ ዋጋው ይወጣል፣ ነዳጅ ሲረክስ ይወርዳል፣ መርከብ ሲጠፋ ደግሞ ሽቅብ ይላል። ይሄን መከታተል ነፍሴ ነው። ምን ላድርግ፣ ሌላው ኳስ ያያል።

እኛ ቤተሰቡ ጠርሙስ እየሠራን ብንሸጥም ፔቱን ራሱን ገዝተን አናውቅም ነበር። ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች የምንገዛው እንጭጩን ነው፤ እንጭጭ የምንለው አንገቱ ላይ የክዳን ክር ያለው አጭር ወፍራም ቱቦ ነው። መካኒኩ ወንድሜ አሙቆ አየር ሲነፋበት ጠርሙስ ይሆናል። ትርፉን ግን እንጭጩን የሚሸጡልን ይበሉታል። ስለዚህ ዋጋው በወረደ ሰሞን አባዬን ያዝኩት፤ ፍሬውን፣ ጥሬውን የፔት ጠጠር፣ በቀጥታ እናስመጣ፣ እንጭጩን ራሳችን እናውጣ አልኩት። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ሹፌር ነው። በሳምንቱ የጭነት መኪናውን ሸጠ። በገንዘቡ አሮጌ የእንጭጭ ማሽን፣ ማድረቂያና አንድ ኮንቴነር ፍሬ ገዛን። ነገሩ ካልሆነ አባዬ በስተርጅና የሰው መኪና ሊነዳ ነው።

ፍሬው ባሕር ላይ ሳለ ዋጋው ጣራ ነካ። እኔ በርካሽ ገዝቻለሁ! ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ፤ እየዘለልኩ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። አባዬ «ላም አለኝ በባሕር» እያለ ይስቅብኛል።

ኮንቴነሩ የደረሰ ዕለት የመጀመሪያውን ጆንያ የቀደድኩት እኔ ነኝ። በጥድፊያ ግማሹን መሬት ላይ ደፋሁት፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ቁጢጥ ብዬ ስለቅም ነው ያየሁት። ፍሬው ነጭ ነው። ወተት የመሰለ፣ ብርሃን የማያሳልፍ ነጭ። ክው አልኩ። በእጄ ያለፈ እንጭጭ ሁሉ ጥርት ያለ ስለነበር ፍሬውም እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

ወዲያው ፍሬውን ያዘዝንበት አስመጪ በስልክ የጠየቀኝ ትዝ አለኝ። ባለቀለሙ ይሁን ነጩ ሲለኝ «ነጩን» ብዬዋለሁ። እኛ መቼም ወዲያ ማዶ የሚያሳየውን ሁሉ ነጭ ነው የምንለው፤ ነጭ ጠርሙስ፣ ነጭ መስታወት። ሰውየው ቃሌን እንዳለ ወስዶ የወተት ዕቃ የሚሠራበትን አምጥቶልኝ ከሆነስ? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ደወልኩለት፤ አያነሳም።

አባዬ አንድ እፍኝ ዘግኖ ወደ መስኮቱ ወሰደው።

«ይሄ ነው እንዴ?»

«አላውቅም አባዬ» አልኩት። ከዚያ ነጭ ያልኩት እኔ መሆኔን፣ ተሳስቼ ሊሆን እንደሚችል ዘረገፍኩለት።

አንድ ፍሬ ሳይጥል ጆንያው ውስጥ መለሰው። «ሞተሩን ሳያስነሱ መኪናው ተበላሽቷል አይባልም» አለ። «አስነሱት።»

ፍሬው እርጥበት ካለበት ጠርሙሱ ይሰባበራል፤ ስለዚህ ፍሬው ማድረቂያው ውስጥ ግማሽ ቀን ፈጀ። እኔ ወለል ጠረግኩ፣ የጠረግኩትን መልሼ ጠረግኩ። በመጨረሻ ማሽኑ ጮኸ፤ የቀለጠው ገባ፣ ቅርጹ ተከፈተ፣ እንጭጮቹ ተንከባለሉ። ጭጋግ የለበሱ ነበሩ። ወንድሜ ሙቀቱን ጨመረ። በሁለተኛው ዙር ጭጋጉ ሳሳ። ሦስተኛው መቀበያው ሣጥን ውስጥ ሲወድቅ፣ በእንጭጩ ውስጥ አልፎ የሣጥኑ ጽሑፍ ተነበበ።

ጮህኩ፤ ወንድሜን አንገቱን አንቄ ሳምኩት። አስመጪው ይኼኔ ደወለ፤ የሆነውን ስነግረው ሳቀብኝ፦ የጠርሙስ ፍሬ ሁሉ ሲመጣ ነጭ ነው፣ ቀልጦ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ነው የሚጠራው። ደስታዬ ጣሪያውን ሊያነሳው ምንም አልቀረው። ስልኩን እንኳ ሳልዘጋው ቀረሁ።

ወንድሜ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ነፋው። አባዬ ገና ለብ እንዳለ ተቀበለው፤ ዓይኑ ላይ ደግኖ፣ በጠርሙሱ ውስጥ አሻግሮ ፊቴን እስኪጠግብ አየኝ።

«ነጭ ነው» አለ።