ለመህር የተፈለገው ብር

ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ በእኛ ሰው መሀል ስለ አሮጌ ሳንቲም የሚያውቅ ማነው ከተባለ ቀድሞ የሚጠራው የእኔ የኢስሀቅ ስም ነው። ሌላ ስለሌለ ነው። ቀን ዕቃ አመላልሳለሁ፣ የተረፈኝን ሰዓት ሳንቲም ሳገላብጥ አጠፋለሁ። እስከ ዛሬ ያገኘሁት ጥቅም ቢኖር ሰው ሁሉ የአያቱን ሣጥን ፎቶ እያነሳ በስልክ መላኩ ብቻ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ግን የተጠራሁት ለፎቶ አልነበረም። ዋይትሆርን ሰፈር፣ እትዬ ሀጅራ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጫለሁ። በግራዬ ጋሼ ሰዒድ፣ ፊት ለፊቴ እትዬ ሀጅራና ልጃቸው ኸባብ አሉ። ጠረጴዛው ላይ በፕላስቲክ የታሸገ አንድ የምኒልክ ብር ተቀምጧል። ኸባብ ለሳምንቱ ቅዳሜ ኒካህ ያስራል። ሙሽራዋ ጁማና ለመህር ሙሽራው ምን ይስጥሽ ስትባል ወርቅም ጥሬ ገንዘብም አልጠየቀችም። ቅድመ አያቷ ወሎ ውስጥ ስትዳር መህሯ አንድ የምኒልክ ብር ነበርና እሷም ያንኑ፣ እውነተኛውን፣ ብላለች። ጋሼ ሰዒድ ደግሞ አላቸው። በገዙበት፣ በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዶላር ሊሸጡላቸው መጥተዋል። እኔ የተጠራሁት ብሩ ያን ያህል ማውጣቱን አይቼ እንድናገር ነው።

ብሩ ፎርጅድ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለጋሼ ሰዒድ የሸጥኩላቸውም እኔው ነኝ።

ጋሼ ሰዒድ ስፖንሰር ሆነው ያመጡኝ፣ ፋልከንሪጅ ሰፈር ባለው ቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ ሁለት ዓመት ያኖሩኝ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሦስት ጊዜ ስወድቅ ሦስቱንም ጊዜ «መንገዱ ነው የጠበበው» ያሉኝ ሰው ናቸው።

ብሩን የዛሬ ሦስት ዓመት ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ገዛሁት። እንዲህ ያለውን ብር የሚመረምሩ ድርጅቶች አሉ፤ ከሰባ ነጥብ ይሰጡታል፣ በፕላስቲክ ያሽጉታል፣ ለሌላ ብር የማይሰጥ መለያ ቁጥር ይለጥፉበታል። ይሄኛው ስልሳ ሁለት ይላል፤ ስልሳ ሁለት ያገኘ የምኒልክ ብር ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ልቤ ቸኮለ። ቁጥሩን ስልኬ ላይ አስገባሁ፣ የድርጅቱ ድረ ገጽም አዎ ስልሳ ሁለት ነው አለኝ፣ በቃኝ። ከሥር ያለውን ፎቶ ከብሩ ጋር አላስተያየሁም። ጀማሪ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ብሩን እይ፣ ወረቀቱን በኋላ ታነበዋለህ እያልኩ የምመክር ሰው፣ ወረቀቱን አንብቤ ገዛሁ። ከዚያም ሦስት መቶ ዶላር አትርፌ ለጋሼ ሸጥኩላቸው። ከእኔ መግዛታቸውን ለማንም እንዳይነግሩ ለመንኳቸው። ሰው ሁሉ አምጣ እያለ እንዳያስቸግረኝ ነው አልኳቸው። እውነቱ ግን በባለውለታዬ ላይ ማትረፌ እንዳይሰማብኝ ነበር።

ከአራት ወር በፊት ያው ቁጥር ያለው ሌላ ብር ጨረታ ላይ ወጣ። ያኔ የድረ ገጹን ፎቶ ደህና አድርጌ አየሁት። እውነተኛው ላይ ከአንበሳው እግር ሥር አንድ ጭረት አለ፣ የጋሼ ላይ የለም። ብር ላይ ያለ ጭረት ደግሞ ቁስል አይደለም፣ አይሽርም። ልነግራቸው ስንት ቀን ተነሳሁ። አንድ ቀን ጉልበታቸውን አሟቸው ነበር፣ አንድ ቀን እንግዳ ነበራቸው፣ አንድ ቀን ምንም አልነበረም። ፈራሁ።

«በል እንጂ ኢስሀቅ፣ እየው» አሉ እትዬ ሀጅራ።

አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ ብሩን አገላበጥኩት። የማላውቀው ነገር አልነበረውም፤ ትንሽ ጊዜ ባገኝ ብዬ ነው።

«እትዬ፣ ለመህር እኮ ወርቅ ይሻላል» አልኩ።

«ለእሷ ንገራታ። እኔም ብያት ነበር።»

«ደግሞ ሻጭ የሚጠራው ዋጋና ጨረታ ላይ የሚሸጥበት ዋጋ አንድ አይደለም። ሰሞኑን ቀንሷል። ትንሽ ብትጠብቁ...»

«ብሮ፣ ኒካሁ እኮ ኔክስት ሳተርደይ ነው» አለ ኸባብ። «ላይክ፣ እስከ መቼ ነው ዌይት የምናደርገው?»

ጋሼ ሰዒድ ሳቁ። «ይሄ ልጅ እንዲህ ነው፣ ይጠነቀቃል። እሱን ጥሩት ያልኳችሁ ለዚህ ነው።»

ወደ በሩ አየሁ። ጫማዬ ከሌላው ሰው ጫማ ሥር ተቀብሯል። በካልሲ ብወጣስ ብዬ ከልቤ አሰብኩ። ውጭው ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ነበር።

ያኔ አንድ ብልሃት የመጣልኝ መሰለኝ።

«እኔ ልግዛው» አልኩ። «ጋሼ፣ በሁለት ሺህ ለእኔ ይሽጡልኝ። ለኸባብ ሌላ እፈልግለታለሁ።»

ኸባብ ወደ እናቱ ዞረ። «ማም፣ ሲ? ኤክስፐርቱ ራሱ ከፈለገው ሪል ነው ማለት ነው።»

«ከሙሽራ እጅ ልትነጥቅ ነው እንዴ አንተ?» አሉ እትዬ ሀጅራ። በቀልድ ጀምረውት በቁጣ ጨረሱት። «ሁለት ሺህ አንድ መቶ። ጋሼ ሰዒድ፣ እኛ እንወስደዋለን።»

ላስጥላቸው ብዬ ጭራሽ ዋጋ አስጨመርኩባቸው።

«አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ብያለሁ፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ነው» አሉ ጋሼ። «በዘመድ ላይ አይተረፍም።»

ይህን የተናገሩት ለእትዬ ሀጅራ ነበር። የተቃጠልኩት ግን እኔ ነኝ።

እትዬ ሀጅራ ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። «ኢስሀቅ፣ አንድ ነገር ብቻ። ይህቺ ልጅ ለልጅ ልጆቿ አወርሰዋለሁ ብላለች። ወላሂ በልና እውነተኛ ነው በለን፣ እንጨርስ።»

ዋጋ ላይ ቢሆን እዋሽ ነበር። ዋጋ ግምት ነው፣ ዛሬ ቢወርድ ነገ ይወጣል። ወላሂ ብዬ ግን መዋሸት አልቻልኩም። አፌን ከፈትኩ።

«ፎርጅድ ነው» አልኩ።

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን፣ ቁጥሩን፣ ጭረቱን አሳየኋቸው። ኸባብ ስልኩንና ብሩን ጎን ለጎን ይዞ ሲያስተያይ ቆየና «ኖ ዌይ» አለ ቀስ ብሎ። እትዬ ሀጅራ ብሩን በአንድ ጣታቸው ገፋ አድርገው ከፊታቸው አራቁት። ከዚያ ጋሼ ሰዒድን አዩዋቸው። የሃያ ዓመት ወዳጅ እንደዚያ ሲታይ አይቼ አላውቅም።

«ከማን ነው የገዙት?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። አንድ በአንድ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት፤ መጀመሪያ ብሩ፣ ቀጥሎ እኔ ማወቄ፣ ከዚያ ደግሞ እያወቅኩ ዝም ማለቴ። ስሜን እስኪጠሩ ጠበቅኩ። በልቤ ይጥሩትና ይውጣልኝ እል ነበር።

«ከአንድ ሰው ነው» አሉ። «አሁን እዚህ አገር የለም።»

«ማን ይባላል?»

«ስሙን ረሳሁት።»

ማንም አላመናቸውም። አውቀው ሊሸጡልን ነው የመጡት ብሎ በአፉ የተናገረ የለም፣ ግን እትዬ ሀጅራ ተነስተው ሻይ ሲጨምሩ የጨመሩት ለእኔ ብቻ ነበር። አሁን ተናገር አልኩ ለራሴ። ሻዩን ጠጣሁ። አሁን፣ አልኩ እንደገና፣ ደግሜ ጠጣሁ።

«አላህ ይጠብቅህ ልጄ» አሉኝ እትዬ። «አንተ ባትኖር የልጄ ኒካህ በውሸት ሊታሰር ነበር።» ከዚያ አቀርቅረው የቀሚሳቸውን ጫፍ እያስተካከሉ «የምስክሩ ነገር ግን...» ብለው አቆሙ። ከኒካሁ ምስክሮች አንዱ ጋሼ ሰዒድ እንዲሆኑ ከተነጋገሩ ወር አልፏቸዋል።

ጋሼ ጨረሱላቸው። ብሩን አንስተው ኮታቸው ኪስ ከተቱና በጉልበታቸው ላይ ተደግፈው ተነሱ።

«ምስክርነቱን ለኢስሀቅ ስጪው» አሉ። «ምስክር የሚሆነው እውነት የሚናገር ሰው ነው።»

በድምፃቸው ውስጥ ሽሙጥ ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። ኸባብ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። እናቱ መልሴን እየጠበቁ ያዩኛል። እሺ አልኩ።