ሰባተኛው ደረጃ

ባሌ ጃቤዝ የከተማውን አዳራሽ የፊት ደረጃ ከጠረቡት አንዱ ነበር። ከሰዓቱ ማማ መወጣጫ ወድቆ የሞተ ዕለት ጠዋት፣ "ሰባተኛው ደረጃ የእኔ ነው፤ ምልክቴን ከሥሩ ቀርጬበታለሁ" ብሎኝ ወጣ። ድንጋይ ጠራቢ ሁሉ የየራሱን ምልክት በማይታየው ገጽ ይቀርጻል፤ የእሱ የቁራ እግር ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የቁራ እግር ግን አውቃለሁ።

ከሌሎች ስድስት ድሆች ጋር በአንድ ጉድጓድ ቀበሩት። ለንግሥቲቱ አንበሳ፣ ለከንቲባው ዓምድ ሲጠርብ የኖረ ሰው ለራስጌው ጠጠር አልተረፈለትም። ስለዚህ የማለቅስበት መቃብር ሰባተኛው ደረጃ ሆነ። የአዳራሹ አጣቢ ሆኜ ሃያ ስድስት ዓመት በጉልበቴ ስዳክር፣ የፋብሪካውን ጥላሸት ከሌላው አንዴ፣ ከእሱ ሁለቴ አሽ ነበር።

ዘንድሮ የደረጃዎቹ መሃል እንደ ሳህን ጎደጎደ። ምክር ቤቱ ቋጣሪ ነው፤ አዲስ ድንጋይ ከምንገዛ ያለውን ገልብጡት አለ። ሥሩ ወደ ላይ ሊመጣ ነው። አንዴ ልየው ብዬ ባልዲዬን ይዤ ጠበቅኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ልመና አልወድም።

ሰባተኛዬ ሐሙስ ተገለበጠ። ዓሣ ተቀርጾበታል።

"ይሄ የሰካራሙ የኦባድያ ምልክት ነው" አልኩ።

የጠራቢዎቹ አለቃ ሲላስ ሳቀ። "እማማ ታቢታ፣ ሙት እንኳ አይምሩም? የማንን ፈልገው ነው?"

"የባሌን። ሰባተኛውን።"

"ይሄ እኮ አሥራ ሁለተኛው ነው።"

"ቁጥር ልታስተምረኝ ነው? ከላይ ሰባት።"

ሲላስ መዶሻውን አስቀመጠ። "እርስዎ ከላይ ወደ ታች ያጥባሉ። እኛ ከታች ወደ ላይ ነው የምንሠራው፣ እማማ። ጠራቢ ከታች ነው የሚቆጥረው።"

ወደ ታች አየሁ። ከታች ሰባተኛው ማክሰኞ ተገልብጦ፣ ተልጦ፣ ለስልሶ ተቀምጧል። ሃያ ስድስት ዓመት እጣቢዬን የለቀቅኩት በእሱ ላይ ነው።

"የቁራ እግር ነበረበት?"

"ነበረበት።" ዓይኔን አላየም። "እኔው ነኝ የላጥኩት። ጠልቆ ነበር፤ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።"

"ይፈጅብሃል። ጃቤዝ እንደ እናንተ አይሞነጭርም ነበር።"

ዓርብ ከታች ጀምሬ ወደ ላይ አጠብኩ። ከላይ የሚወርደው እድፍ ያጠብኩትን እያበላሸ ነው። የምክር ቤቱ ጸሐፊ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "አሮጊቷ ጃጀች" አለ።

ሰባተኛውን ሁለቴ አሸሁት። ልሙጥ ነው፤ ውሃ እንኳ አይቋጥርም።