የሣሩ ውሃ

ሥራዬ ሣር ማንሳት ነው። ሲሉት ቀላል ይመስላል፤ ሰው ግን ከሣሩ ጋር በዋዛ አይለያይም። ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ከተማ፣ ራሱ በአንድ ባልዲ ገላውን እየታጠበ ሣሩን በጎማ የሚያጠጣ ሰው አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ለምኜም ተቆጥቼም ሣሩን አስነቅለዋለሁ። በቦታው ጠጠር አለብሳለሁ፣ ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በቦይ መርቼ ጉድጓድ ውስጥ አስቀረዋለሁ፣ በትንሽ ውሃ ብዙ የሚቆዩ ተክሎችን እተክላለሁ። ደንበኞቼ «ጠጠሩ» ነው የሚሉኝ። ስሙን አልጠላሁትም። እንዲያውም ስልክ ሳነሳ «አቤት፣ ጠጠሩ ነኝ» እስከማለት ደርሼ ነበር። ሰው ሲጠግብ እንዲህ ነው።

አሁን የማወራው ግን ስለ እናቴ ግቢ ነው። እማዬ፣ አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው። የቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ከስድስት ሰዓት በኋላ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። ልቧ ደግሞ ሙቀት አይችልም፤ ሐኪሙ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቋታል። እሷ ግን ለዚህ መላ ነበራት፦ ጃካራንዳው። ግቢው መሃል የቆመ፣ ግማሹን ግቢ የሚያለብስ ዛፍ ነበር። ምሳዋን እንደበላች ወንበሯን አውጥታ ስሩ ትቀመጥና እስከ አስራ አንድ ሰዓት ንቅንቅ የለም። ሽንኩርቷን እዚያ ትልጣለች፣ ሬዲዮዋን እዚያ ትሰማለች፣ ጎረቤቱንም እዚያው ሆና ታማለች።

ታላቅ እህቴ አስተማሪ ናት፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። እማዬን ወደ እሷ ለመውሰድ ስንት ዓመት ለምናታለች። እማዬ መልሷ አንድ ነው፦ «ይሄ ጥላ እስካለልኝ ድረስ የትም አልሄድም።» እህቴ ዛፉን ቀና ብላ ታየዋለች፤ እውነትም ከዚያ ዛፍ ስር የሚሻል ቦታ አልነበረም። አራተኛ ፎቅ ላይ እማዬ የሚጠብቃት አንድ መስኮትና የማታውቀው ሰው ሁሉ የሚወጣበት ደረጃ ነው። ይህን ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

ሣሩ የአባቴ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ጎማውን ያነሳል። እሱ ከሄደ በኋላ እማዬ ተረከበችው፤ ቧንቧው ሲጠፋ ደግሞ በጀሪካን። እኔ ሰው ግቢ እየዞርኩ ሣር ሳስነቅል የገዛ እናቴ ሣር ማጠጣቷ ያሳፍረኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ከወገቧ ይልቅ ያሳሰበኝ ስሜ ነው። ስወተውታት፣ ስወተውታት ከረምኩና አንድ ቀን ደከማት።

«እሺ፣ ሣሩን እንደፈለግክ አድርገው» አለችኝ። «ዛፉን ግን እንዳትነካብኝ።»

«ማን ይነካዋል እማዬ? ቅጠሉንም አልነካው።»

ቃሌን ጠበቅኩ። አንድ ቅርንጫፍ አልቆረጥኩም፣ ግንዱ ላይ አንድ ሚስማር አልመታሁም።

እንደዚያ ግቢ የተጠበብኩበት ሥራ የለኝም። አሸንዳውን ከሦስት ቦይ ጋር አገናኘሁ፤ ቦዮቹን እንደ እባብ አጠማዘዝኳቸው፣ ውሃው እንዳይሮጥ። ተክሎቹን በጥማታቸው ለያየሁ፦ ብዙ የሚጠጡት ጥቂቶቹ ጽጌረዳዎች ከማድ ቤቱ አጠገብ፣ መካከለኞቹ በመንገዱ ዳርና ዳር፣ ሬትና ቁልቋሉ ፀሐይ በሚመታው ግንብ ጥግ። ለእያንዳንዱ የጠብታ መስኖ ዘረጋሁለት፣ እግሩ ስር ጠብ ጠብ የሚል ቀጭን ቱቦ። ሣሩ በነበረበት ሁሉ ደግሞ አረም እንዳያስቸግራት ላስቲክ አነጠፍኩና ከላዩ ነጭ ጠጠር ደለደልኩ። ለዛፉ ቱቦ አልዘረጋሁለትም። ያነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ ጃካራንዳ ድርቅ ይችላል ይላል፤ እኔም ይህንኑ ለደንበኞቼ ስንቴ ተናግሬዋለሁ።

ግቢው ሲያልቅ እማዬ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች። «እንዴት ነው የሚያምረው» አለች። ከዚያ በኋላ ያልተቀጠረችበት ሥራ ያዘች፦ አስጎብኚነት። ደንበኛ ባመጣሁ ቁጥር ነጠላዋን አስተካክላ ትወጣለች፤ ቦዩን ታሳያለች፣ ቱቦውን ጎንበስ ብላ ታሳያለች። «ልጄ ነው የሠራው፤ ውሃ የሚባል አይጠጣም» ትላለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ እንደማይሰማ ሰው ጠጠር በእግሬ አስተካክላለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

በሁለተኛው በጋ የዛፉ አናት ላይ ሁለት ቅርንጫፎች ሳያቆጠቁጡ ቀሩ። አየሁት፣ ግን እንዳላየሁ ሆንኩ። ወቅቱ ዘግይቶ ነው አልኩ። በሦስተኛው በጋ ስድስት ሆኑ፤ አበባውም ከማነሱ የተነሳ መሬት ሳይደርስ የሚቆጠር ሆነ። እማዬ ወንበሯን ጥላው ወዳለበት ትንሽ ፈቀቅ አደረገች። ወንበሩ ቦታ መቀየሩን ሳይ ሰው ላማክር ተነሳሁ።

የችግኝ ጣቢያ ውስጥ አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው አሉ፤ ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ «ጋሼ» ነው የምላቸው። ለመንኳቸውና መጡ። ዛፉን ቀና ብለው እንኳ ብዙ አላዩትም። ከግንዱ ሰባት እርምጃ ራቁ፣ ጠጠሩን በእግራቸው ገፉ፣ ላስቲኩን በቢላ ቀደዱና ፌሮ ብረት ወደ መሬት ሰደዱ። ፌሮው አልገባም። በዶማ ቆፈርኩላቸው። ከስር የወጣው አፈር ዱቄት ነበር፤ ውስጡ የተቀላቀለው ቀጫጭን ሥር በጣቴ ስነካው እንደ ደረቅ ፓስታ ተሰበረ።

«እዚህ ድሮ ምን ነበር?» አሉኝ።

«ሣር።»

«ማን ያጠጣው ነበር?»

«አባቴ። በየቀኑ።»

«እንግዲህ የሣሩን ውሃ ነዋ ይሄ ዛፍ ሲጠጣ የኖረው። ውሃ ላይ ላዩን ሲመጣለት ምን አስጨንቆት ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል? ተቀማጥሎ ነው ያደገው።»

«ጋሼ፣ ድርቅ ይችላል ይባላል እኮ።»

«ድርቅ ላይ ያደገው ይችላል።» ቢላቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። «ላስቲኩን ማነው ያነጠፈው?»

«እኔ ነኝ።»

ሊቆጡኝ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ማድ ቤቱ በር ላይ እማዬ ሻይ ይዛ ቆማ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሁን አናቱ ላይ የምታየው አምና የሆነውን ነው» አሉኝ። «የዘንድሮውን የሚያሳይህ ገና ለከርሞ ነው።»

ላስቲኩን በማግስቱ ገሽልጬ አወጣሁት። ጠጠሩን በአካፋ አፈስኩ፣ ከግንዱ ርቄ ዙሪያውን ጎማ እንደ ቀለበት ዘረጋሁ። ለእንዲህ ያለ ዛፍ ምን ያህል ውሃ እንደሚያስፈልግ አሰላሁ፤ ማስላት ሥራዬ ነው። በሳምንት ሃያ በርሜል። በዚያው ወር ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን መምጣቱን ተወና በአሥር ቀን አንዴ፣ ለሦስት ሰዓት፣ እንደ ክር እየቀጠነ መምጣት ጀመረ። ከጣሪያ ዝናብ የሚጠብቁት የምኮራባቸው ቦዮቼ ባዷቸውን ተጠማዝዘው ተኝተዋል። ደንበኞቼ ጋ ሄጄ ውሃ ለመንኩ፤ እኔው አይደለሁ እንዳታባክኑ ያልኳቸው? በመኪናዬ ጀሪካን እየጫንኩ በሳምንት ሦስት በርሜል አደርሳለሁ። አፈሩ ሳይርስ ሽው ብሎ ይጠጣውና የፈሰሰበት ቦታ እንኳ አይታወቅም። ሰባት ዓመት ተምሬ፣ አሥራ አራት ዓመት ሠርቼ፣ ከእኔ ይልቅ አንድ ጎማ የያዘ ሰውዬ፣ አባቴ፣ ያውቅ ነበር። ያውም ማወቁን ሳያውቅ።

አንድ ጠዋት ሳልነግራት መጣሁ። እማዬ ሳፋ ተሸክማ ወደ ዛፉ ስትሄድ ደረስኩ። ግንዱ ስር ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው። ገመዱ ላይ የታጠበ ልብስ የለም። ማድ ቤቱ በር ላይ የቆሸሸው ተቆልሏል። የለበሰችው ቀሚስ ያለፈው ሳምንት የለበሰችው ነው።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

እንደተያዘ ልጅ ደነገጠች። «ፊቴን የታጠብኩበት ነው። ሳሙና የለበትም፤ ሳሙናውን ትቼዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከ... ቆየት ብሏል።»

ጮህኩባት። ልብሷን ሳታጥብ፣ ገላዋን ሳትታጠብ፣ በዚህ ልቧ ሳፋ ተሸክማ። ጮኼ ሳበቃ ደግሞ ከንቱ መሆኑን ነገርኳት፤ ያን ባልናገር ይሻለኝ ነበር። «እዚያ ብታፈሺ አይጠጣውም። በግንዱ አይደለም የሚጠጣው።»

«ታዲያ አፉ የት ነው?»

ሰባት እርምጃ ቆጥሬ ቆምኩ። «እዚህ። ዙሪያውን፣ እዚህ ነው አፉ።»

ሳፋዋን እንደያዘች መጥታ አጠገቤ ቆመች። ያነሳሁትን ላስቲክ፣ ጥግ ላይ የተከመረውን ጠጠር አየች። የእኔን እግር አየች። «እንዴ» አለች፣ «ታዲያ አፉ ላይ ነዋ የከደንክበት።»

ክፋት አልነበረባትም። ነገሩ ገና ያኔ ነው የገባት። ፊቴን ስታይ ግን ሳፋውን መሬት አስቀመጠች። «ውይ ልጄ፣ እንደዚያ ማለቴ አይደለም። ቁርስ በልተሃል?» ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ዛፉ አንስታብኝ አታውቅም። አንዴ ብትሰድበኝ ምን ነበረበት። ጠበቅኩ፤ ዛሬ ትሰድበኛለች፣ ነገ ትሰድበኛለች እያልኩ። በሄድኩ ቁጥር ቁርስ ነው የሚቀርብልኝ።

በአራተኛው በጋ ዛፉ አንድም ቅጠል አላወጣም። ጥላ የሚባለው ነገር የቅርንጫፍ መስመር ብቻ ሆነ። እማዬ እሱም ላይ ወንበሯን አውጥታ ትቀመጥ ነበር፤ ራሷ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋ። ሸራ ልወጥርልሽ አልኳት፤ ወጠርኩላት፤ ሸራው ከስሩ ያለውን ሙቀት አምቆ እንደ ቆርቆሮው ሆነ። ሁለት ቀን ችላው በሦስተኛው ቀን ራሷን ስታ ጎረቤት አገኛት። ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ተኛች። እህቴ ደወለችልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አልለመነም። ዛፉን አስቆረጥነው። ቆራጮቹ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀባቸውም፤ አቧራው እንዳይነሳ የከመርኩትን ጠጠር በቦታው መልሼ ደለደልኩት።

እማዬን የወሰድናት ቅዳሜ ቀን ነው። እህቴ መኪናዋን ጠጠሩ ላይ አስጠግታ አቆመች። የጫንነው ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ፍራሽና ሬዲዮኑን ነው። እማዬ ቤቱን ቆልፋ ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ። «ጽጌረዳዎቹን አደራ» አለችኝና ፊት ወንበር ላይ ገባች። ስለ ደረጃው ስታወራ ሰማኋት፤ ለጉልበቷ ስፖርት ይሆናል እያለች ነበር። እህቴም ደስ አላት። ደስ ማለቷን ሳይ አላስቻለኝም።

«ዛፉን የገደልኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

እህቴ የመኪናውን በር እንደያዘች ዞረች። «ምን አልክ?»

«ድርቁ አይደለም። ሣሩን ሳነሳ ውሃውን የዘጋሁበት እኔ ነኝ። ላስቲክ ያነጠፍኩበትም እኔ ነኝ። እዚህ ድረስ ያመጣኋት...»

«ተይው እስቲ» አለች እማዬ ከውስጥ። «ከልጅነቱ እንዲህ ነው። ሲከፋው የሰበረውንም ያልሰበረውንም እኔ ነኝ ይላል። ረሳሽው?»

እህቴ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ትከሻዬን ያዝ አድርጋ፣ «ራስህን አትብላ፣ የኔ ወንድም» አለችኝ። «ውሃ ተሸክመህ ስትመላለስ አይቼሃለሁ። ሰማይ እምቢ ካለ አንተ ምን ታደርገዋለህ?»

እንደገና ልናገር ስል እማዬ አየችኝ። ልጅ ሆኜ እንግዳ ፊት ስቀብጥ የምታየኝ አስተያየት ነው። የእማዬን በር ዘጋሁላት። እህቴ ዞራ መሪው ጋ ገባች።

እማዬ መስታወቱን ዝቅ አደረገች። ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ናት፣ ከጠጠሩም ወደ ላይ ታንጸባርቃለች። ዓይኔን አጥብቤ ነው የማያት።

«ምን ፀሐይ ላይ ያቆምሃል?» አለችኝ። «ጥላ ውስጥ ሁን እንጂ።»

ግቢውን ዞር ብዬ አየሁ። ከቤቱ እስከ ግንቡ ነጭ ነው። እግሬ ብቻ በመኪናው ጥላ ውስጥ ነበር፤ እህቴም ሞተሩን አስነሳች።