ድምፅ የላትም የተባልኩት እኔ

ልጄ ሚካኤላ ድምፅ የላትም ብላ ጻፈችብኝ። በእኔ ላይ! ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስስቅ ሳቄ የምሠራበት ሆቴል ሎቢ ድረስ በሚሰማው በኤልፍነሽ ላይ!

ነገሩ የሆነው በ1998 ነው፣ በፈረንጆቹ። ሚካኤላ እዚህ አትላንታ፣ ሚድታውን ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥቁር ሴቶች የሚያስተምር ክላስ ትወስድ ነበር። አስተማሪዋም ጥቁር ሴት ናት። «ስለ ሴቶች ብዙ ተጽፏል፤ እናንተን ያሳደጉት ሴቶች ሲናገሩ ግን ማንም አልሰማቸውም። ሂዱና አነጋግሯቸው፤ ሐሙስ ይዛችኋቸው ኑ» አለቻቸው። ልጄም ቴፕና ወረቀት ይዛ ሳሎን ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

እኔ ደግሞ ካርቱም በስደት ሳለሁ የአሜሪካ ኢንተርቪው ያስተማረኝ ነገር አለ። ወረቀት የያዘ ሰው ሲጠይቅሽ የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ፤ አንድ ቃል ከጨመርሽ ፋይልሽ ይመለሳል። ስለዚህ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ማሚ፣ ሥራሽ ይከብዳል?»

«አይ።»

«እዚያ ያስቀየመሽ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ስለ ሴቶች መብት፣ ላይክ፣ ምን ታስቢያለሽ?»

«ጥሩ ነው።»

ማክሰኞ ጽሑፉን ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። እንግሊዝኛዬ ለዚያ አያንስም። «እናቴ ዝም እንድትል የተደረገች ሴት ናት፤ እኔ ድምፅ እሆንላታለሁ» ይላል። ስሜ እንኳ የለም፤ «አንዲት ስደተኛ ሠራተኛ» ነኝ። ሐሙስ ይሄንን እኔ እዚያው ተቀምጬ በሰው ፊት ልታነበው ነው። ደሜ ፈላ። ቆይቶ ግን ከፋኝ። በገዛ ቤቴ ያሳደግኳት ልጅ አታውቀኝም።

«ነገ ሥራ ድሮፕ አድርጊኝ» አልኳት። «ቴፑንም ያዢ።»

የምሠራው ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ሆቴል ነው። ሱፐርቫይዘሯን አስፈቅጄ ልጄን ይዣት ወደ ፎቅ ወጣሁ። አልጋ የምናነጥፈው ለሁለት ነው፤ እኔ በዚህ በኩል፣ ሎሬታ በዚያ በኩል ሆነን አንሶላውን እንወጥራለን። ሎሬታ እዚሁ አትላንታ ተወልዳ ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ስድስት ዓመት እንዲህ አንሶላ ይዘን ስናወራ፣ ስንጨቃጨቅ ኖረናል። እጄ ሥራ ከያዘ አፌን የሚያቆመው የለም።

ሚካኤላ ቴፑን ኮሞዲኖው ላይ አስቀመጠች። ሁለተኛው አልጋ ላይ ስንደርስ መኖሩንም ረስቼዋለሁ።

«ናንሲ ያሉሽን ነግረሻታል?» አለች ሎሬታ።

«ምኑን ልንገራት!»

«እሺ እኔ ልንገራት። ማናጀሩ ስሟ ረዘመበትና ናንሲ የሚል ባጅ ሰጣት። አላደርግም አለች። እኔም የራሴን አወለቅኩ። ሳምንት ሙሉ ሁለታችንም ያለ ባጅ ሠራን።»

«አባርርሻለሁ ብሎ ቢሮ ሲጠራኝ ግን ይቺ ልትናገርልኝ ቀደመች» አልኩ ትራሱን እየመታሁ።

«እንግሊዝኛሽ ያኔ ሦስት ቃል ነበራ!»

«ሦስቱም በቁኝ። ‹ስሜ ኤልፍነሽ ነው› አልኩት።»

ሎሬታ ወደ ልጄ ዞረች። «እኔን ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹አጠገቤ ቁሚ፤ አትናገሪልኝ።› ያን ቀን ተናድጄባት ነበር። በኋላ ግን ገባኝ።»

ሚካኤላ ፊቷ ቀላ። «ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ! ይሄን ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንደ ኢሚግሬሽን ነዋ የጠየቅሽኝ።»

ሎሬታ አልጋው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ያነጠፍነውን ደግመን አነጠፍን፤ በዚህኛው ዙር ልጄም አንዱን ጫፍ ይዛለች።

ሐሙስ ሁለታችንንም ክላስ ይዛን ሄደች። ጽሑፏን አላነበበችም። «ይህ የእናቴ የኤልፍነሽና የጓደኛዋ የሎሬታ ንግግር ነው» አለችና ቴፑን ከፍታ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ክላሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ ልጄ ስሜን ምንም ሳታሳጥር ጠርታዋለች።

ቴፑ ሲያልቅ አስተማሪዋ ወደ እኔ ዞረች። «ወይዘሮ ኤልፍነሽ፣ የሚጨምሩት ይኖራል?»

እጇ ላይ ወረቀት ይዛለች። ቢሆንም ተነሳሁ፤ ከተጠየቅኩትም በላይ ተናገርኩ።